ቢራ ቤት ውስጥ መጥመቅ፦ በባልዲ፣ በአይስ ቦክስ እና በመዳብ ቱቦ

ቢራ መጥመቅ ሲባል ብዙ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣው ያ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ስቴንለስ ጋን ነውና "ይሄ ለኔ አይሆንም" ብሎ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። እርሾ ግን ዕቃው አብረቀረቀ አላብረቀረቀ ግድ የለውም፣ ጣፋጭ ነገር ስጡት፣ ንፁህ ቦታ አስቀምጡት፣ ሙቀቱን አታለዋውጡበት፣ ሌላውን እሱ ያውቅበታል። ይሄን ለማድረግ ደግሞ ባልዲ፣ አይስ ቦክስ፣ አንድ ትልቅ ድስትና ጥቂት ሜትር ቱቦ ይበቃል። ለድስት ብዙ አታውጡ፣ ለቴርሞሜትር አውጡ። ትኩረታችሁንም ጠመቃው ቀን ላይ ብቻ አትጨርሱት፣ የቢራው ጣዕም በአብዛኛው የሚወሰነው ከዛ በኋላ ባልዲ ውስጥ በሚያሳልፈው ሳምንት ነው፣ ሰው ግን ድስቱ ላይ ሙሉ ቀን ሲጨነቅ ውሎ ባልዲውን የትም ጥሎ ይሄዳል።

ለማያውቅ ሰው ሂደቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የተከካ የገብስ ብቅል ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይሩታል፣ ጣፋጩ ውሃ (ዎርት ይሉታል) ይጠለላል፣ ከሆፕስ (ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የተክል አበባ) ጋር አንድ ሰዓት ይንተከተካል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይብላላል፣ መጨረሻ ላይ በትንሽ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለ20 ሊትር ቢራ ናቸው።

እንግዲህ ዕቃው። ድስቱ 30 ሊትር ቢይዝ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም 25 ሊትር ገደማ ማንተክተክ አለባችሁ፣ አረፋው ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። እንደዚህ አይነት ድስት ከሌለ ለሁለት ድስት አካፍሉት፣ እንዲያውም የቤት ምድጃ 25 ሊትር ውሃ በአንዴ ማንተክተክ ስለሚከብደው ለሁለት ማካፈሉ ይሻላል። ስቴንለስ ሆነ አሉሚኒየም ሁለቱም ይሰራሉ። አዲስ አሉሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ ንፁህ ውሃ ብቻ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት አንተክትኩት፣ ውስጡ ይጠቁራል፣ ያ ጥቁረት መከላከያው ስለሆነ በሽቦ ፈግፍጋችሁ እንዳታነሱት። ዚንክ የተቀባ ባልዲ ወይም ቆርቆሮ ግን በፍፁም አይሆንም፣ ዎርት አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል። በጋዝ ምድጃ የምትሰሩ ከሆነ ደጅ አውጡት፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ባልዲዎቹ ለምግብ የተሰሩ ፕላስቲክ መሆን አለባቸው፣ ከስር ሶስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለባቸው ጥሩ ናቸው፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ በፊት ምን ነበረበት የሚለውም አለ። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን እርሱት። ሆምጣጤ ወይም ቅመም የነበረበትም ሽታው ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል፣ አስር ጊዜ ብታጥቡት አይለቅም።

አሁን ወደሚያስደስተው እንምጣ፣ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት ዕቃ። ለጀማሪ ቀላሉ መንገድ ትልቅ ስስ የጨርቅ ከረጢት ድስቱ ውስጥ ዘርግቶ ብቅሉን እዛ ላይ መጨመር ነው፣ ሲያልቅ ከረጢቱን አንስቶ ማንጠፍጠፍ። ምንም ማለት አይደለም፣ በዚህ መንገድ ብቻ ለዓመታት የሚጠምቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን አይስ ቦክሱን እመርጣለሁ፣ ለምን፣ ድስት ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፣ አይስ ቦክስ ግን ክዳኑን ከዘጋችሁት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ቆማችሁ እሳት መለኮስና ማጥፋት የለም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። 25 ወይም 30 ሊትር የሚይዝ አይስ ቦክስ ከስር የውሃ መውጫ ካለው ያቺን ፕላስቲክ መውጫ ፈታችሁ ታወጧታላችሁ፣ ከሌለው ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትበሱታላችሁ። ቀዳዳው ውስጥ አጭር የብረት ቧንቧ ታሳልፋላችሁ፣ በውስጥም በውጭም በኩል ሙቀት የሚችል ጎሚኒ ታደርጉና በሁለት በኩል በብሎን ታጠብቁታላችሁ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል እንዳትረሱ። በውጭ በኩል መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ ይገባል። በውስጥ በኩል ማጣሪያው፦ የእጅ መታጠቢያ ስር የሚገባው ስቴንለስ ሽቦ የተጎነጎነበት ተጣጣፊ ቱቦ አለ አይደል፣ የሱን ሁለቱን ጫፍ በብረት መጋዝ ትቆርጡና ውስጡ ያለውን ጎማ ጎትታችሁ ታወጣላችሁ፣ አልወጣም ካለ ሽቦውን ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሃል ግፉት፣ ያን ጊዜ ይሰፋና ጎማውን ይለቀዋል። የቀረው ባዶ ሽቦ አንዱ ጫፉ በፋሸታ ቧንቧው ላይ ይታሰራል፣ ሌላኛው ጫፍ ሁለት ሶስት ጊዜ ይታጠፍና ይጨፈለቃል። ይሄው ነው፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጭማቂው በሽቦው መሃል ይገባል፣ ገለባው ውጭ ይቀራል። ስትገዙ ግን ሽቦው የእውነት ስቴንለስ መሆኑን እዩ፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ተቀብቶ ብረት የሚመስል ነው፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። የናስ ቫልቭና መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ከተቻለ ለመጠጥ ውሃ የተሰራውን ወይም ስቴንለሱን ውሰዱ።

አይስ ቦክስ ካልተገኘስ? ሁለት ባልዲ። አንዱን ከስሩ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ እንደ ወንፊት ትበሳሱታላችሁ፣ በጣም ብዙ ቀዳዳ ነው፣ ትዕግስት ይፈልጋል፣ ከዛ ቫልቭ ያለው ሌላ ባልዲ ውስጥ ትከቱትና በብርድ ልብስ ትጠቀልሉታላችሁ። ይሰራል።

የፈላውን ዎርት ማቀዝቀዣው 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው 10 ወይም 12 ሜትር ለስላሳ የመዳብ ቱቦ ነው። ክብ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ትንሽ ድስት ላይ፣ ቀስ አድርጋችሁ ትጠመጥሙታላችሁ። ከቸኮላችሁ ይታጠፍና ውሃ አያሳልፍም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውስጡን በደረቅ ጨው ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ዝጉት፣ ከጠመጠማችሁ በኋላ ጨውን በውሃ አጥባችሁ አውጡት። ሁለቱ ጫፎች ከድስቱ አፍ በላይ ወጥተው ወደ ውጭ መታጠፍ አለባቸው፣ ጎማው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ውሃ ከተንጠባጠበ ደጅ እንዲፈስ፣ ቢራው ውስጥ እንዳይገባ። በአንዱ ጫፍ የቧንቧ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ሙቁ ይወጣል፣ መጀመሪያ የሚወጣው የሚያቃጥል ስለሆነ በባልዲ ተቀበሉትና ለዕቃ ማጠቢያ አድርጉት።

የመብላያው ባልዲ ክዳኑ ላይ አንድ ቀዳዳ በስታችሁ ቱቦ ጠበቅ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ፣ የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውሃ ባለው ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፣ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። የተገዛ መተንፈሻ ከዚህ የተለየ ስራ አይሰራም። ቱቦው ወፈር ያለ ቢሆን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋው ሲገነፍል አይደፈንም።

ቴርሞሜትሩን ሳትፈትሹ አትመኑት። በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ስትከቱት 0 ማለት አለበት። በሚፈላ ውሃ የምትፈትሹ ከሆነ ግን 100 ጠብቃችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ከባህር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ጠመቃው ቀን። 4.5 ኪሎ ፈዘዝ ያለ የገብስ ብቅል ትወስዳላችሁ። መከካት አለበት፣ መላም የለበትም፣ ፍሬው ሁለት ሶስት ቦታ ተሰብሮ ገለባው ግን ሙሉ ሆኖ መቅረት አለበት፣ ምክንያቱም ገለባው ነው ኋላ ላይ ማጣሪያ የሚሆነው። የእጅ ወፍጮ ካላችሁ ጥርሱን ወደ 1 ሚሊሜትር አስፉትና ጥቂት ፍሬ ፈጭታችሁ እዩ፣ ሙሉ ፍሬ ካለፈ አጥብቡት፣ ዱቄት ብቻ ከሆነ አስፉት። በከረጢት የምትሰሩ ከሆነ ትንሽ ቢልም ችግር የለም።

ውሃው የክሎሪን ሽታ ካለው ከዋዜማው ማታ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት ወይም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ክሎሪን ከቢራ ጋር ከተገናኘ የቁስል ፕላስተር የሚመስል መድሃኒት መድሃኒት የሚል ጣዕም ያመጣል፣ እሱን ደግሞ በኋላ ምንም አያስወጣውም።

13.5 ሊትር ውሃ ወደ 74 ዲግሪ አሙቁ፣ አይስ ቦክሱን ቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አሙቃችሁ ድፉት፣ ውሃውን ጨምሩ፣ ከዛ ብቅሉን በትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ጓጉሎ ውስጡ ደረቅ የሆነ ነገር እንዳይቀር። ቀዝቃዛው ብቅል ሲገባበት ወደ 66 ወይም 67 ይወርዳል፣ የምንፈልገው እሱን ነው። 64 ላይ ከሆነ ቢራው ቀለል ያለና ደረቅ ይሆናል፣ 69 ላይ ከሆነ ወፈር ያለና ጣፈጥ ያለ ይሆናል፣ ሁለቱም ቢራ ነው፣ አትደናገጡ። ከ75 በላይ ከሆነ ግን ኢንዛይሞቹ ይሞታሉና ቶሎ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ክዳኑን ዝጉና ለ60 ደቂቃ ተዉት፣ በየአምስት ደቂቃው ከፍታችሁ እያያችሁ ሙቀቱን አታባርሩት።

ስታርቹ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ ከጭማቂው አንድ ማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉና አንድ ጠብታ የቁስል አዮዲን ጨምሩበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተቀየረ ስታርች ገና አለ፣ ሌላ 15 ደቂቃ ጨምሩ። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ካልተቀየረ ጨርሷል። የፈተናችሁበትን ድፉት፣ ወደ ዕቃው እንዳትመልሱት።

ቀጥሎ ቫልቩን በቀጭኑ ብቻ ክፈቱ። መጀመሪያ የሚወጣው ሁለት ሶስት ሊትር ድፍርስ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ከላይ መልሱት፣ ጥርት ብሎ መውረድ ሲጀምር ወደ ድስቱ። በአንዴ ከከፈታችሁት ብቅሉ ወደ ታች ይጠቀጠቅና ጥርቅም ይላል፣ ከተዘጋባችሁ ቫልቩን ዝጉ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ 10 ደቂቃ አሳርፉና እንደገና ጀምሩ። ብቅሉ በኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይዞ ስለሚቀር መጀመሪያ የምታገኙት 9 ሊትር አካባቢ ነው። ከዛ 75 ዲግሪ ገደማ የሆነ 16 ሊትር ውሃ ለሁለት ከፍላችሁ እየጨመራችሁ የቀረውን ስኳር ታጥቡታላችሁ፣ ከ77 በላይ ግን አታሙቁት፣ ከገለባው አፍ የሚይዝ ነገር ይወጣል። ድስታችሁ ውስጥ አሁን 25 ሊትር አለ ማለት ነው።

መንተክተክ ሲጀምር አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያ ላይ አረፋው ድንገት ተነስቶ ምድጃውን ያጥባል፣ እሳቱን ቀንሱና ቀዝቃዛ ውሃ እርጩበት። ከዛ በኋላ ክዳን የሚባል ነገር የለም፣ ክፍት ሆኖ ነው የሚንተከተከው፣ ምክንያቱም የተቀቀለ አትክልት የሚመስል ሽታ የሚያመጣው ጋዝ በእንፋሎቱ መውጣት አለበት። ሆፕሱ ማሸጊያ ላይ የአልፋ አሲድ (ምሬቱን የሚሰጠው ነገር) መጠን ተፅፏል፣ 5 ፐርሰንት ከሆነ 40 ግራም አሁን መጀመሪያ ላይ ጨምሩ፣ ይሄ ለምሬቱ ነው። 10 ፐርሰንት ከሆነ 20 ግራም ይበቃል። ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሌላ 20 ግራም ለመዓዛው፣ አሁን ከገባ ሽታው ሳይተንን ይቀራል። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ሆፕሱን፣ የተረፈውንም ጭምር፣ አርቁት፣ ለውሻ መርዝ ነው።

የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ የመዳቡን ጥምጥም ታጥቦ ድስቱ ውስጥ ክተቱት፣ እዛው እየተንተከተከ ጀርሙ ይሞታል። እሳቱ ሲጠፋ ውሃውን ልቀቁና ዎርቱን በቀስታ አንቀሳቅሱት፣ ቆሞ ከሚቀዘቅዝ በጣም ይፈጥናል። ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ በቃ።

ከዚህች ደቂቃ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ባልዲው፣ ቱቦው፣ ማንኪያው፣ ክዳኑ፣ እጃችሁም ጭምር፣ ታጥቦ ከዛ ደግሞ ጀርም ገዳይ የነካው መሆን አለበት። ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት ስራ ነው፣ ቆሻሻ ያለበት ነገር ላይ ምንም ብታፈሱ ጀርሙ ስሩ ተደብቆ ይቀራል። ለቢራ ተብሎ የተሰራ አሲድ ወይም አዮዲን ያለበት መድሃኒት ካገኛችሁ እሱ ምርጥ ነው፣ መለቅለቅም አያስፈልገው። በረኪና ከሆነ ሽታ የሌለው መሆኑን እዩና በደንብ ቀጥኑት፣ በኋላም በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ስቴንለስ ላይ ለረጅም ጊዜ አታሳድሩት፣ ከሆምጣጤ ጋር ደግሞ በምንም ተዓምር አትቀላቅሉት፣ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ወደ ባልዲው ስታወርዱ ከከፍታ እያንቧቧችሁ አፍስሱ፣ እርሾው ለመባዛት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ በዚህ ሰዓት ብቻ ነው አየር ወዳጅ የሚሆነው። በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ ምን ያህል ስኳር እንዳለበት የሚያሳይ መለኪያ) ለኩና ፃፉት፣ 1.045 አካባቢ መሆን አለበት። ከዛ 11 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ ላዩ ላይ ነስንሱ፣ ክዳን፣ ቱቦ፣ ጨለማ ቦታ። የዳቦ እርሾ አይሰራም ወይ የሚል ሁሌ አለ፣ ይሰራል፣ አልኮል ያወጣል፣ ግን ወደ ታች በደንብ ስለማይዘቅጥ ቢራው ድፍርስና ዳቦ ዳቦ የሚል ይሆናል፣ ያን ሁሉ ደክሞ ለምን።

አሁን መጀመሪያ ያልኩት ነገር መጣ። ባልዲው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሶስት አራት ቀናት። እርሾ ሲሰራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ክፍሉ 21 ከሆነ ውስጡ 24 ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የክፍሉን ሙቀት አይታችሁ አትርኩ፣ ቴርሞሜትሩን ባልዲው ጎን ላይ ለጥፋችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። ከ25 ካለፈ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታና ራስ የሚያዞር ከባድ አልኮል ይመጣል፣ ያ ቢራ ሲቆይም አይሻለውም። ፍሪጅ የለኝም የሚል ሰው ባልዲውን ውሃ ያለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጥ፣ አሮጌ ቲሸርት ያልብሰው፣ የቲሸርቱ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይንከር፣ ጨርቁ ውሃውን እየሳበ ሲተን ያቀዘቅዘዋል፣ ቬንትሌተር ከተጨመረበት በርከት ያለ ዲግሪ ይወርዳል። አልበቃ ካለ በረዶ የሆነ የውሃ ፕላስቲክ ጠዋትና ማታ ሳፋው ውስጥ መቀያየር ነው። አየሩ እርጥበት የበዛበት ቦታ ከሆነ ቲሸርቱ ብዙ አይረዳም፣ እዛ በረዶው ነው ስራውን የሚሰራው።

በ24 ሰዓት ውስጥ ማሰሮው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ይጀምራል። ካላለ ባልዲው ክዳኑ ጋ አየር እያስወጣ ሊሆን ይችላል፣ ላዩ ላይ አረፋ ካለ እየሰራ ነው። በተመሳሳይ ቡልቅታው ቆመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ከ10 ቀን በኋላ ለኩ፣ ከሶስት ቀን በኋላ ድጋሚ ለኩ፣ ሁለቱም አንድ አይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ 1.010፣ አልቋል። የአልኮሉን መጠን ለማወቅ የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀነስ የመጨረሻው፣ ውጤቱ ሲባዛ በ131.25፣ እዚህ ላይ 4.6 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል።

ጠርሙስ ላይ ለአንድ ነገር ብቻ ልጩህ፦ ሳያልቅ የታሸገ ቢራ ይፈነዳል፣ የጠርሙስ ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ያን ልኬት አትዝለሉት፣ ስኳሩንም በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን። 20 ሊትር ሙሉ ከሆነ ከ120 እስከ 130 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ንፁህ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ቢራውን አተላውን ሳትነኩ በቱቦ እላዩ ላይ ታወርዳላችሁ። ቱቦውን በአፍ አትሳቡ፣ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዙ ነው፣ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ሞልታችሁ ጫፉን ይዛችሁ ዝቅ ስታደርጉት ራሱ ይስባል። አሁን መንቧቧት የለም፣ የቱቦው ጫፍ ከታች ይነካ፣ አየር ከገባ ቢራው ካርቶን ካርቶን ማለት ይጀምራል። ጠርሙሱ ቢራ የነበረበት ወፍራሙ፣ ቆርኪ የሚገባበት፣ ቀለሙም ቡናማ ይሁን፣ የወይን ጠርሙስ ግፊት አይችልም፣ አረንጓዴና ነጩ ደግሞ ብርሃን ስለሚያስገባ ቢራው ይገማል። ከላይ ሁለት ሶስት ሴንቲሜትር ክፍት ተዉ።

አንዱን ቢራ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። ጋዙ መሙላቱን በእጃችሁ ስትጨብጡት ታውቃላችሁ፣ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ሌሎቹም ደርሰዋል፣ በክፍል ሙቀት ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ከዛ ፍሪጅ፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን፣ ጋዙ ቢራው ውስጥ በደንብ እንዲገባና ዝቃጩ ታች እንዲይዝ፣ ስትቀዱም ጠርሙሱን ሳታቃኑ በአንዴ ጨርሱና የመጨረሻዋን ጣት የምታህል አተላ ተዉት።

ባልዲው ስር የቀረውን ነጣ ያለ እርሾ አትድፉት። ጀርም በሌለው ማሰሮ ቀድታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡት፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለሚቀጥለው ጠመቃ ይሆናል፣ ክዳኑን ግን ላላ አድርጉት፣ እዛም ሆኖ ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም።